በሎሚ የታጠበ ወርቅ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.። የጠዋት ቆጠራ፦ በካዝናው ውስጥ ሃያ አራት። የጎደለ የለም።

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ ተዋበች፤ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ከክረምቱ ወዲህ እንዴት ሆነ? የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እንደ ልብሽ ትወጪያለሽ ወይስ አሁንም የልጅ ልጅሽን የዕፀ ሕይወትን ትከሻ ይዘሽ ነው? የባለቤትሽ የጋሽ ግዛቸው ሳልስ ለቀቃቸው? የደብረ ብርሃን ብርድ በኅዳር ምሕረት እንደማያውቅ ስለማልረሳ፣ እዚህ ማሞቂያ በከፈትኩ ቁጥር እናንተን አስባለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስኳሬም በክኒኑ ልኩን ይዟል። የሚያመኝ ነገር ቢኖር የቤቱ ዝምታ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የዚህ አገር ሐኪሞች መድኃኒት አያዙለትም።

ከሰላምታ በፊት ቁጥር ማስቀደሜን አይተሽ “ይኼ ልጅ ዛሬም ነጋዴ ነው” እንደምትዪ አውቃለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። በየጠዋቱ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ካዝናውን ከፍቼ እቆጥራለሁ፤ የቀን ማስታወሻዬን የምጀምረውም በዚያው ቁጥር ነው። ዛሬም እንደ ወትሮው ተቀምጬ ሃያ አራት ብዬ እንደጻፍኩ እጄ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሃያ ሦስት ነበር የምጽፈው። ሃያ አራት ሞላ ብዬ የምነግረው ሰው ባስብ ባስብ፣ የመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ገጹን ከማስታወሻው ቀደድኩና ያንቺ ደብዳቤ አደረግኩት።

ባለፈው በተማሪው በጥዑመልሳን ስልክ ስናወራ፣ “ሚስትህ እማዋይሽ አረፈች፣ ልጅህ ሩሐማ ሲያትል ገባች፣ ቤትህ ውስጥ አንገት የለ ጆሮ የለ፣ ወርቁን የምታከማቸው ለማን ነው?” ብለሽኝ ነበር። እኔም መስመሩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ አልተቆራረጠም፤ መልስ አጥቼ ነው። ዛሬ ልመልስልሽ ነው የተቀመጥኩት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሣ። ሱቅ ውስጥ የምሸጠው የአንገትና የጆሮ ወርቅ ሌላ ነው፤ ለራሴ የምሰበስበው ሌላ። የምሰበስበው የድሮ የአሜሪካ የወርቅ ገንዘብ ነው። ጆርጂያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ተራራ ሥር፣ ዳሎኔጋ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወርቅ ተገኘባትና መንግሥት እዚያው ሳንቲም የሚመታበት ቤት ከፈተ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1838 እስከ 1861 በየዓመቱ የአምስት ዶላር ወርቅ ሲመታባት ቆይቶ፣ እርስ በርሳቸው ጦርነት ሲገጥሙ ተዘጋ፤ ዳግመኛ አልተከፈተም። ሳንቲሞቹ ላይ ዲ የምትባል ፊደል አለች፤ የከተማዋ ምልክት ናት። ሃያ አራት ዓመት፣ ሃያ አራት ሳንቲም። እያንዳንዷ ከእኛ ሃያ አምስት ሳንቲም እምብዛም አትሰፋም። እኔ ሃያ ሦስቱን ይዤ አንዷን፣ የመጀመሪያዋን፣ የ1838ን ስፈልግ ኖርኩ። ጠፍታ አይደለም። ገበያ ላይ በየጊዜው ብቅ ትላለች፤ ነገር ግን ያየኋት ሁሉ የታጠበች ሆነችብኝ።

የታጠበች ስልሽ እንዳትስቂ። በዚህ ንግድ ውስጥ ከማጠብ የበለጠ ነውር የለም። አሮጌ ወርቅ ከዕድሜ ብዛት ቆዳ ያወጣል፤ ቀላ፣ ጠየም ይላል፤ በፊደሎቹ ሥር ያለፉበት እጆች ሁሉ እድፍ ይቀመጣል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ቆዳ ነው። አንዴ በጨርቅ ከተፈተገ ብልጭ ይላል፤ መብራት ሥር ስታዘነብዪው ግን የድመት ጥፍር የጫረው የመሰለ ቀጫጭን መስመር ይታያል። በሚዛን ብታስቀምጪው ምንም አልጎደለም፤ ዋጋው ግን ወድቋል። እንግዲህ አንቺ በጥምቀት ዋዜማ የእናታችንን ጉትቻና ድሪ በሎሚና በተነፋ አመድ ስታሺ፣ እኔም ውሃ ሳፈስልሽ አስቢው። የዚህ አገር ሰብሳቢዎች ቢያዩን ኖሮ ራሳቸውን ይዘው ይጮኹ ነበር።

ሚስተር ዌልደን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ቤታቸው ሜስኪት ነው፤ ከእኔ ከጋርላንድ ሩቅ አይደለም። የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሚስታቸውም ከሞቱ ቆይቷል። ከአያታቸው የወረሷት አንዲት የ1838 ዲ ነበረቻቸው። ውሃ ነክቷት አያውቅም፤ ቀለሟ የቆየ ቀይ ማር ነው ብልሽ አላጋነንኩም። የተዋወቅነው ሳንቲም በሚሸጥበት ባዛር ላይ ነው፤ እሷን እንዲሸጡልኝ ጠይቄያቸው እምቢ አሉኝና “ማየት ግን ትችላለህ፣ ሐሙስ ና” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ እሄዳለሁ። ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አንዲት አጭር መብራት አብርተን፣ ሳንቲሞቹን በወፍራም ጨርቅ ላይ ደርድረን እንቀመጣለን። በሰዓት ውስጥ አራት ዓረፍተ ነገር ብንነጋገር ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ዓይናቸው ጠፍቷል። እሳቸው በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ይዳስሳሉ፣ እኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ። ስሜን ክፍሉ ብለው መጥራት ስለሚከብዳቸው “ኬፍ” ነው የሚሉኝ። ሱቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ “ግራሙ ስንት ገባ?” ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እማዋይሽ ካረፈች ወዲህ በስሜ ጠርቶ የሚቀበለኝ ያ ቤት ብቻ ነበር። እሳቸውም “ከዚህ ቤት የወጣሁ ቀን ለሽያጭ መጀመሪያ የማቀርባት ለአንተ ነው” ብለው ቃል ሰጥተውኝ ነበር።

የምታስታምማቸውን ልጅ ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። አረጋሽ ትባላለች፤ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፣ ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ በአንድ ኤጀንሲ በኩል ሆም ኬር፣ ማለት አረጋውያንን በቤታቸው የመንከባከብ ሥራ፣ ትሠራለች። ሴት ልጇን አገር ቤት ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ልጅቷን ለማምጣት ፕሮሰስ ጀምራለች፤ ለዚያ ደግሞ ሥራዋ መቋረጥ የለበትም፣ ስሟም መበላሸት የለበትም። ሽማግሌውን እንደ አባቷ ነው የያዘቻቸው። “አባባ ዌልደን” ትላቸዋለች፤ እሳቸውም እዚህ ቤት አዲስ ስም የወጣላቸው መስሏቸው አቤት ይላሉ።

በዚህ ወር መጀመሪያ ሂውስተን የሚኖረው ልጃቸው ጆኒ፣ አባቱ ካሮልተን ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ እንዲገቡ ወሰነ። ቤቱ ሊሸጥ ነው። ለሳንቲሞቹም ገማች ይዞ ቅዳሜ እንደሚመጣ አስታወቀ። እኔ በዚያው ሳምንት ሐሙስ እንደ ልማዴ ሄድኩ።

ገና ፓርክ ሳደርግ አረጋሽ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ የሚዜ ፊት ነው የመሰለው። “ጋሽ ክፍሉ፣ ዛሬ የሠራሁትን ቢያዩ ይመርቁኛል” አለችኝ። ምን ሠራሽ ብላት፣ “ማለቴ፣ ልጃቸው ቅዳሜ እንግዳ ይዞ ይመጣል አይደል? ወርቃቸው እንደዚያ ጠቁሮ ሰው ፊት ይቀርባል እንዴ? ቤት ውስጥ ሴት የለችም ወይ አይሉም? ሶ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሰርፕራይዝ ላድርጋቸው ብዬ በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ እሽት እሽት አድርጌ አጠብኩላቸው” አለች።

እኔ ፊቴ እንዳይለወጥ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ አልተለወጠም። ገባሁ። ዘጠኙን ሳንቲሞች በነጭ ፎጣ ላይ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ ደርድራቸዋለች። ስምንቱ ተራ ናቸው፣ ብዙ አያሳዝኑም። የ1838ቷ መሐል ላይ ተቀምጣ ትናንት ከዱባይ የገባች ትመስላለች። አንሥቼ መብራት ሥር አዘነበልኳት፤ የድመቱ ጭረት ከአገጭ እስከ ጠርዝ ሞልቷል። አሥራ አንድ ዓመት ያየኋት ሳንቲም አልነበረችም።

ሚስተር ዌልደን ሳሎን ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አረጋሽን በሹክሹክታ ነገርኳት። “ወርቅ ታጥቦ ረከሰ?” አለች። “ምን ዓይነት አገር ነው? ሰው ቆሻሻውን ነው እንዴ የሚገዛው?” አዎ፣ ቆሻሻውን ነው አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ። “ቅዳሜ ያውቁታል?” አለችኝ። ገማቹ ገና መነጽሩን ሳያወጣ ያውቀዋል አልኳት። የያዘችውን ፎጣ አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች፣ የእጅ መሐረብ እስክታክል ድረስ። “ኤጀንሲው ካባረረኝ ልጄስ?” አለች። ምን ልበላት? እጠቢ ብሎ ያዘዛት ባይኖርም አትጠቢ ያላትም የለም። እኛ ዘንድ ሰው ዕቃ ከማጠቡ በፊት አስፈቅዶ ያውቃል? ማጠብ ክብር ነው።

እትዬ፣ አንቺን ምን እደብቅሻለሁ፣ አንድ ነገር አስቤ ነበር። እዚያው ሐሙስ የ1838ቷን ልግዛዎት ብላቸው እሺ ይሉኝ ነበር። ቅዳሜ ገማቹ የሚያየው ስምንቱን ተራ ሳንቲሞች ብቻ ይሆናል፤ ስለ እነሱ ማንም ድምፁን አያነሣም፤ አረጋሽም ትድናለች። መንገዱ ቀና ይመስላል። ነገር ግን ወራሽ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ከዓይነ ስውር እጅ ወርቅ የሚገዛ ነጋዴ፣ ሐሳቡ ደግ ቢሆን እንኳ ስሙ ሌባ ነው። ደግሞም ለሁለት ዓመት ዓይናቸው ሆኜ ቆይቼ፣ በዚያች ቀን ያየሁትን ብደብቃቸው ያለፈው ሐሙስ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ሳሎን ገብቼ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው።

“አምጣት” አሉ። መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው። ጠርዟን በአውራ ጣታቸው ዞሩት፣ ቀጥሎ ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። “ሎሚ” አሉ። “ሻይ ያፈላችልኝ መስሎኝ እስካሁን ስጠብቅ ነበር።” ከዚያ “ዲዋ አለች?” ብለው ጠየቁኝ። አለች አልኳቸው። “ዓመተ ምሕረቱስ?” እሱም አለ አልኳቸው። “እንግዲያው እሷው ናት” አሉ። ልጅቷ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ፤ ፎጣ እያጠፈች ነው አልኳቸው። ስነሣ “ቅዳሜ ና፣ ኬፍ። አፍህን ግን ቤትህ አስቀምጠህ ና” አሉኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ጆኒ ስድሳ የሚጠጋው ግዙፍ ሰው ነው፤ ገማቹ ከረባት ያሰረ ቀጭን። አረጋሽ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች፣ ውሃው ይሰማል። ገማቹ የመጀመሪያዋን አየ፣ ሁለተኛዋን አየ፣ የ1838ቷን ሲያነሣ በረጅሙ ተነፈሰና አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁሉም ታጥበዋል፣ ያውም በቅርቡ፣ አለ። ምን ያህል እንደሚያወርደውም ተናገረ። ጆኒ ቀስ ብሎ “ማነው ያጠበው?” ብሎ ጠየቀ። ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው ቆመ።

ሚስተር ዌልደን “እኔ ነኝ እጠቢልኝ ያልኳት” አሉ።

ጆኒ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። እነሱ አባታቸውን አንተ ነው የሚሉት፤ “አንተ? ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ይህችኑ ሳንቲም በሸሚዜ ጠርጌ ሳምንት ሙሉ ያላናገርከኝ አንተ?” አላቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን ድምፁ ወደመጣበት አዞሩ። “አስታውሳለሁ። ዛሬ ብትጠርገው አናግርህ ነበር” አሉት።

ጆኒ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረ። አረጋሽ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ እንደሆነ ቆማለች። እሷን አየ፣ መሬት አየ፣ አባቱን አየ። እንደገባው አውቃለሁ፤ ፊት ማንበብ እንጀራዬ ነው። ወደ ገማቹ ዞሮ “እንዳለ ጻፈው” አለ። ወንበሩን ጎትቶም አባቱ ጎን ተቀመጠ። እስከዚያ ሰዓት ቆሞ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ የ1838ቷን ገማቹ ለታጠበ በቆረጠላት ዋጋ፣ ልጁ ባለበት፣ በደረሰኝ ገዛሁ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሚስተር ዌልደን “ኬፍ፣ አንተ የታጠበ አትገዛም ነበር” አሉኝ። አልገዛም አልኳቸውና ኪሴ ከተትኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ከሁለቱ አንዱ ሆኜ ወጣሁ።

ሰኞ ካሮልተን ገቡ። ጆኒ ለኤጀንሲው ደውሎ ስለ አረጋሽ መልካም ነገር ተናግሮላት፣ እዚሁ ጋርላንድ አንዲት አሮጊት ዘንድ መደቧት። ሥራዋ አልተቋረጠም፤ የልጇም ጉዳይ እንደ ጀመረው እየሄደ ነው።

እኔ ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሃያ አራቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ሃያ ሦስቱ ጠየም ብለው፣ አንዷ እንደ ወርቅ ጥርስ ታበራለች። ይህን ቀን ስጠብቅ ስንት ነገር አስቤ ነበር። ቀና ስል ግድግዳው ነው ያለው። ሩሐማ ጋ ደወልኩ፣ ሥራ ላይ ነበረች፤ ቆይታ አውራ ጣት የተነሣበት እጅ ሥዕል ላከችልኝ። አልፈርድባትም፤ እሷም የራሷን ኑሮ ነው የምታሯሩጠው። የጠየቅሽኝ መልስ ያን ጊዜ መጣልኝ። ወርቁን የምፈልገው ሐሙስ ይዤው የምሄድበት ቤት ስለነበረኝ ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ቤቱ ተዘጋ። ሰኞና ማክሰኞ ማስታወሻዬ ላይ ከቆጠራው በቀር አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ትናንት ወደ ማታ ግን አረጋሽ ሱቅ መጣች። የሚሸጥ የላትም፣ የሚገዛ የላትም፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ “ከነገ ወዲያ ሐሙስ አይደለም እንዴ?” አለችኝ። ነው አልኳት። “ደውዬላቸው ነበር። ኬፍ ሐሙስን ሊረሳው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ” አለች። እኔም፣ እዚያ ጠባብ ክፍል ነው፣ እንደ ወጥ ቤታቸው ያለ ጠረጴዛ የለ፣ መብራቱ ጣራ ላይ ነው፣ ሳንቲም አያሳይም አልኳት። አየችኝ አየችኝና “እሳቸው መብራት ምን ያደርግላቸዋል?” አለች። ስትወጣ በሩን ይዛ “እኔም እመጣለሁ፤ ሎሚ አልይዝም፣ አይፍሩ” አለችኝ። እማዋይሽ ካረፈች ወዲህ ሱቁ ውስጥ ስስቅ ትናንት የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ፣ የእናታችን ጉትቻ አንቺ ዘንድ ነው። ይህን አንብበሽ ማጠብሽን እንዳትተዪ። የሚያጌጥበት ጆሮ ያለው ወርቅ መታጠብ አለበት። በዕፀ ሕይወት ጆሮ ላይ እንዳየው ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ በሎሚ ይሁን፣ አመዱ የተነፋ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሌሊሳ የሚባል ደንበኛዬ ነው፤ አርብ ይበራል። ለጋሽ ግዛቸው የደረት ቅባትና ወፍራም ካልሲ፣ ለአንቺ የማንበቢያ መነጽር ልኬአለሁ። መነጽሩን ለቅዳሴ ብቻ እያልሽ ሣጥን ውስጥ እንዳታኖሪው። ጋሽ ግዛቸውን ጉልበታቸውን ስሚልኝ። ጥዑመልሳንን ስልኩን ስላዋሰን አመስግኚልኝ፤ ለፈተናውም እንዲበረታ ንገሪው። ዕፀ ሕይወትን በሁለቱም ጉንጮቿ። ጎረቤታችን እማማ አገሬ ካሉ፣ ክፍሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቷል በያቸው። ለታኅሣሥ ሚካኤል ስትሄዱ እማዋይሽን በጸሎት አንሡልኝ፤ ከቻልሽ ሚስተር ዌልደንንም። የክርስትና ስማቸውን አላውቀውም፤ አባባ ብትዪ ይበቃል።

ወንድምሽ ክፍሉ
ጋርላንድ፣ ዳላስ አጠገብ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ነገ፣ ሐሙስ፦ ሱቁን በስምንት ሰዓት መዝጋት። አረጋሽን ከሥራዋ ማንሣት። ካሮልተን። የ1838ቷን መያዝ። የጠረጴዛ መብራቷንም መያዝ፤ ለእኔ።